ቤታችሁ ሎቢ አይደለም፦ «ስታይል ከፈለጋችሁ ሆቴል እደሩ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሼር ሲያደርገው የነበረ አንድ ጽሑፍ አለ፣ ለኔም ከደንበኞችም ከጓደኞችም ተላልፎ ደርሶኛል። ሀሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ቤቱን ማሳመር የሚፈልግ ሰው መጓዝና የቅንጦት ሆቴል ማደር አለበት፣ ስታይል ያለው እዛ ነው። ሀገር ያላየ ሰው የዲዛይን ዓይን የለውም፣ የዱባይ ሆቴሎች ሎቢዎች (የእንግዳ መቀበያ አዳራሾቹ) ደግሞ ትልቁ ትምህርት ቤት ናቸው፣ የወደዳችሁትን ፎቶ አንሱና ለባለሙያችሁ ስጡት፣ መኝታ ቤታችሁን እንደ ሆቴል ሙሉ ነጭ አድርጉት፣ መብራት ላይ አትሰስቱ፣ እኛ ሀገር ግን ለዲዛይን ተብሎ የሚታይ ነገር ስለሌለ እዚህ ጊዜ አታጥፉ። የምሰራው የቤት ውስጥ ዲዛይን ስለሆነ ይሄ ነገር ከተሰራጨ በኋላ ሰው ይዞልኝ የሚመጣው ሀሳብ ሁሉ ከዚሁ የተቀዳ ሆኗል፣ ስለዚ ነጥብ በነጥብ ልመልስበት። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፣ ነገሩን እንደሚወዱት ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፣ ሁሉም ላይ ደግሞ አንጣላም፣ እንደውም አንዱ ነጥብ ላይ ከሳቸው በላይ ነው የምሄደው።

ሀገር ያላየ ሰው ዓይን የለውም ከሚለው ልጀምር። ጉዞ ዓይን እንደሚከፍት ማንም አይክድም። የማንስማማው ጉዞው ምን እንዲሰጠን ነው የምንፈልገው የሚለው ላይ ነው። ለጸሐፊው ጉዞ ማለት እዛ ያለውን ቆንጆ ነገር አይቶ፣ ወድዶ፣ ይዞ መምጣት ነው። በዚህ ስራ ትልቅ የተባሉ ሰዎችን ታሪክ ብታዩ ግን ሌላ ነገር ነው የምታገኙት። ጂኦፍሪ ባዋ የሚባል የስሪላንካ አርክቴክት ነበር፣ በ1919 ተወልዶ በ2003 ያረፈ (ቁጥሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ጠበቃ ነበር፣ ስራውን ትቶ ዓለምን ዞረ፣ ጣሊያን ውስጥ ጋርዳ ሐይቅ አጠገብ ቪላ ገዝቶ እዛው ሊኖር አስቦ ነበር፣ አልተሳካም፣ ወደ ሀገሩ ተመለሰና በ1948 ሉኑጋንጋ የሚባል የተተወ የጎማ ዛፍ እርሻ ገዛ፣ ያንን ቦታ ዕድሜ ልኩን ሲያስተካክለው ኖረ፣ አርክቴክቸር የተማረውም ከዛ በኋላ ነው። እና ይሄ ሰው የሰራው ካንዳላማ የሚባል ሆቴል አለ፣ በ1994 የተከፈተ። ባለሀብቶቹ ሲጊሪያ ከሚባለው ታዋቂ አለት ግርጌ ላይ ሊያሰሩት ነበር ሀሳባቸው፣ እሱ እዚህ አይሆንም ብሎ ራቅ ወዳለ ገደል ወሰደው፣ ከታቹ ጥንታዊ የመስኖ ውሃ አለ፣ ሲጊሪያ ደግሞ ከውሃው ማዶ ከሩቅ ይታያል። ህንጻው ገደሉን ተጠግቶ ወደ አንድ ኪሎሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ስትገቡ እንደ ዋሻ ባለ መተላለፊያ ነው የምትገቡት፣ አለቱ ውስጥ ድረስ ገብቶ ይታያል፣ ሐረግ ከላይ ወደ ታች ሸፍኖታል። እዛ ሆቴል ውስጥ የጣሊያን ቪላ ብትፈልጉ አታገኙም። ያ ሁሉ ዙረት ለባዋ የሰጠው የራሱን ሀገር አለትና ዝናብ የሚያይበትን ዓይን ነው። ጸሐፊው ተጓዙ ሲሉ እኔም ተጓዙ እላለሁ፣ ግን አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁ እናቶች ያሳመሩትን ቤት አይቻለሁና (ወደ ሐረር ስንደርስ እመለስበታለሁ) ያልተጓዘ ዓይን የለውም የሚለውን ቃል እንዲያነሱት ነው የምጠይቀው። ብዙ ሰው አንብቦ ተሸማቋል።

የዱባይ ሎቢዎች ትልቁ ትምህርት ቤት ናቸው ወደሚለው ስንመጣ፣ ጸሐፊው በስም ያነሱት ቡርጅ አል አረብ የሚባለውን ሆቴል ነው፣ እኔም በሱ ልሂድ። ህንጻው በ1999 ሲከፈት ስራው እንግዳ ማሳደር ብቻ አልነበረም፣ ዱባይን ረግጧት የማያውቅ ሰው ሳይቀር በአንድ ፎቶ እንዲያውቃት ማድረግ ነበር፣ ያንን ደግሞ በደንብ ሰርቶታል። 321 ሜትር ከፍታ አለው፣ መሀሉ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ብቻ ወደ 180 ሜትር ሽቅብ ይሄዳል፣ ውስጡ ወደ 1,790 ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ በ24 ካራት ስስ የወርቅ ቅጠል ተለብጧል። ያንን ሁሉ ወርቅ የተሸከመው ከፍታው ነው፣ ዓይን ወርቁ ላይ እስኪደርስ ብዙ ባዶ አየር ያልፋል፣ ለዛ ነው የማያፍነው።

አሁን ያንን ፎቶ ይዛችሁ አፓርትመንታችሁ ሳሎን ግቡ፣ ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ70 ነው እንበል። ጂብሰም ሰራተኛው እንደ ፎቶው በሁለት ደረጃ ሲያወርደው ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ይበላል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቀለም የሚቀያይር የኤልኢዲ ገመድ ይገባል፣ ጠርዙ ወርቃማ ስፕሬይ ይረጫል። ስፕሬዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የናስ ዱቄት ስለሆነ አየር እያገኘው ሲቆይ ይጠቁራል፣ ወርቅ ግን አይጠቁርም። ክፍሉን ትልቅ ለማስመሰል የወጣው ብር ክፍሉን አሳጥሮት ቁጭ ይላል፣ ረጅም ሰው ትንሽ ቢንጠራራ ኮርኒሱን ይነካዋል፣ ጂብሰሙ እርከን ላይ አቧራ ይተኛል፣ መሰላል ካልመጣ አይጸዳም። በዛ ብር ስንት ጥሩ የእንጨት በር ይሰራ ነበር እኮ።

ሆቴል ያስተምራል ከተባለ ደግሞ ሆቴሉን የሚያውቀው ማነው የሚለውም መነሳት አለበት። እንግዳው ሁለት ሌሊት አድሮ ይወጣል። ከውስጥ የሚያውቀው ጠዋት ጠዋት የሚያጸዳው ሰው ነው፣ በዱባይ በዶሃ በሌሎቹም የአረብ ሀገር ሆቴሎች ይሄን ስራ ከሚሰሩት መሀል ደግሞ የኛ እህቶች አሉበት። አንዲት ደንበኛዬ ዱባይ ሃውስኪፒንግ ስትሰራ ቆይታ የተመለሰች ናት፣ ቤቷን ስንሰራ ሴራሚክ ልንመርጥ አብረን ወጣን። ሻጩ ያንን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፖርሴሊን፣ ነጭ ደም ስር የመሰለ መስመር ያለውን፣ ቀድሞ አወጣላትና ሆቴሎች የሚወስዱት ይሄን ነው አላት። ምንም ሳትመልስለት ከቦርሳዋ የውሃ ላስቲክ አወጣችና ጠብ ጠብ አደረገችበት፣ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ረገጠችው፣ እግሯ ሸርተት አለ። ቀጥላ መዳፏን ደረቁ ቦታ ላይ አሳርፋ አነሳችና ጎንበስ ብላ በጎን በኩል በብርሃን አየችው፣ አምስቱም ጣት ታትሞ ቁጭ ብሏል። «ይሄን ቀኑን ሙሉ ነበር የምወለውለው፣ ቤቴ ማን ሊወለውልልኝ ነው» ብላ ወደ ፈዛዛው ግራጫ ሄደች። እሱንም ዝም ብላ አልወሰደችም፣ ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥማ ጠርዛቸው እኩል መሆኑን አየች፣ ጀርባውን ገለበጠች፣ ሲገጠም መሀሉ የሚቀረው ክፍተት ስንት ሚሊሜትር እንደሚሆን ጠየቀች። በየትኛውም የዲዛይን ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ የቁሳቁስ ፈተና አላየሁም። ጽሑፉ ሆቴልን ያየው በእንግዳው ዓይን ብቻ ስለሆነ ይሄ ሁሉ እውቀት ቀርቶበታል፣ የኛ ሰው ቤት ውስጥ ግን አለ፣ እህታችሁን ወይ አክስታችሁን ጠይቁ፣ የትኛው ጨርቅ እድፍ እንደሚይዝ፣ የትኛው ቧንቧ በነጭ ነጠብጣብ እንደሚሞላ፣ የትኛው ምንጣፍ ጸጉር እንደማይለቅ በእጇ ታውቀዋለች።

ፎቶ አንስታችሁ ለባለሙያ ስጡ የሚለው ምክር ደግሞ ብዙ ብር የሚያስወጣው እሱ ነው። ፎቶ ልክ አይናገርም። የሶፋው መቀመጫ ከወለል 42 ይሁን 48፣ ጠረጴዛው ከጉልበት ስንት ይርቃል፣ ኮመዲኖው ከፍራሹ እኩል ነው ወይስ ዝቅ ይላል፣ ፎቶው ላይ የለም፣ አናጺው በግምት ይሰራዋል፣ ከዛ ሶፋው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ሲነሱ ሰው ይደግፋቸዋል። ድምጽም አይናገርም፣ እብነበረድ በእብነበረድ የሆነ ባዶ ክፍል ውስጥ ልጅ ሲጮህና ቲቪ ሲበራ ምን እንደሚፈጠር የኖረበት ያውቀዋል። ስለዚ ሆቴል ስትገቡ ከስልካችሁ ይልቅ ሜትር አውጡ፣ እኔ ሁሌም የማደርገው ይሄንኑ ነው። አልጋው ላይ ተጋደሙና የመብራት ማጥፊያው ሳትነሱ ይደረስበታል ወይ፣ ቻርጀር የት ይሰካል፣ ሻንጣ የት ይቀመጣል፣ የሻወሩ በር ሲከፈት ምኑን ይመታል፣ ቁም ሳጥኑ ጥልቀቱ ስንት ነው፣ ኮሪደሩ ሁለት ሰው ያሳልፋል ወይ። ጥሩ የተሰራ ሆቴል ከ30 ካሬ ሜትር በማይበልጥ ክፍል ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥንና ሻወር ሳይጋጩ ያስገባል፣ ስቱዲዮ ወይ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ላለው ሰው እንግዲህ ከሎቢው ሺ ጊዜ የሚጠቅመው ያ ክፍል ነው፣ ጽሑፉ ግን ስለ ክፍሉ አንድ መስመር የለውም።

ቅርጹ ብቻ ተነጥሎ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ኮፐንሃገን ያለውን የኤስኤኤስ ሮያል ሆቴል አስቡት። በ1960 ሲከፈት የዴንማርኩ አርክቴክት አርኔ ያኮብሰን ህንጻውን ብቻ ሳይሆን ወንበሩን፣ መብራቱን፣ የበር እጀታውን፣ ሹካና ማንኪያውን ሳይቀር ራሱ ነው የነደፈው፣ 606 ቁጥር ክፍል እስካሁን በድሮው መልኩ ተጠብቆ አለ። እንቁላሉ የሚባለው ወንበር የተነደፈው ለዛ ሎቢ ነው። ጀርባውና ጎኑ ከፍ ብሎ የተጠቀለለው ሰው በሚመላለስበት ክፍት አዳራሽ መሀል የተቀመጠውን ሰው ከለል እንዲያደርገው ነው። ቅጂው ዛሬ እኛ ከተማ ካፌውም ሳሎኑም ውስጥ ገብቷል፣ ግድግዳ ተደግፎ ቲቪ ፊት ለፊት ቆሞ ታገኙታላችሁ፣ እዛ ጋ የሚከልለው መንገደኛ የለም፣ አጠገቡ ሶፋ ላይ ያለውን ሰው ፊት ግን ይጋርደዋል፣ ካልተጠማዘዙ ማውራት አይቻልም። ክብ ሰርቶ ለሚጫወት ቤተሰብ በጣም የማይመች ነገር ነው፣ ወንበሩ ግን ምንም ጥፋት የለበትም፣ ለተሰራበት ቦታ ፍጹም ነው።

የነጩን ነገር ቶሎ ልለፈው። ጸሐፊው ሆቴል አልጋ ሙሉ ነጭ የሆነው ለውበት ብቻ መስሏቸው ከሆነ ሌላም ምክንያት አለው። ዌስቲን የሚባለው የአሜሪካ ሆቴል ድርጅት በ1999 ሙሉ ነጭ የለበሰ አልጋ ይዞ መጥቶ እንግዳው በጣም ስለወደደው ሌሎቹም ተከተሉ፣ ነጭ እድፍን ስለማይደብቅ እንግዳው ንጹህ መሆኑን በዓይኑ ያያል፣ ለሆቴሉ ደግሞ ሁሉም አንሶላና ፎጣ አንድ ላይ ተጠራቅሞ በሙቅ ውሃና በበረኪና ይታጠባል፣ ቀለም ይለቃል ብሎ የሚለይ የለም። እናንተ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሮቶው ሲያልቅ ልብስ ማጠብ ይቆማል፣ ልጅ አለ፣ ግንባታ በየጎኑ ስለሆነ አቧራው አይጣል ነው። አልጋው ላይ ነጭ አድርጉ፣ ይታጠባል። ሶፋው፣ ግድግዳው፣ መጋረጃው ሁሉ ነጭ ይሁን ሲባል ግን ለቤቱ ሴቶች ስራ መጨመር ነው፣ ጸሐፊው ይሄን ሳያስቡት የቀሩ ይመስለኛል። ነጭ ከተፈለገ ደግሞ ቤታችን ጋቢና ቡሉኮ አለ፣ ያ ለዓይን የሚለሰልስ የጥጥ ነጭ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጥለት ሲኖረው አልጋ ላይ ምን ያህል እንደሚያምር የዘረጋው ያውቀዋል።

መብራት ላይ አትሰስቱ ያሉት ግን በጣም ትክክል ነው፣ ከሳቸው በላይ እሄዳለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው፣ ከሆቴል አንድ ነገር ብቻ መውሰድ ቢፈቀድ መብራቱን ነው የምወስደው። ሴዛር ሪትዝ ፓሪስ ላይ በ1898 ሆቴሉን የከፈተ ሰው ነው፣ ሚስቱ ማሪ ሉዊዝን ቁጭ አድርጎ በተለያየ ቀለም የተሸፈነ መብራት ፊቷ ላይ እየሞከረ ለሰው ፊት የሚስማማውን፣ ወደ ሮዝና ወደ ኮክ ፍሬ የሚያደላውን ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ ሰዓታት ይፈጅ እንደነበር ይወራለታል። ቶኪዮ ያለው ኦኩራ ሆቴል ደግሞ በ1962 አርክቴክቱ ዮሺሮ ታኒጉቺ የነደፈው ሎቢ ነበረው፣ በወረቀት የተሸፈነ መስኮት የቀኑን ብርሃን ያለሰልሰዋል፣ እንደ ጥንት ጨሌ ተደርድረው የተንጠለጠሉ ፋኖሶች አሉ፣ ጠረጴዛዎቹ ዝቅ ብለው ወንበሮች ይከቧቸዋል። በ2015 ሲፈርስ ከብዙ ሀገር ተቃውሞ ተነሳ፣ በ2019 አዲሱ ህንጻ ውስጥ ያንኑ ሎቢ የነዳፊው ልጅ ዮሺዮ ታኒጉቺ መልሶ ሰራው። ሰው ብርሃኑን ነው የናፈቀው ብዬ ነው የማምነው።

እኛ ቤት ደግሞ ኮርኒሱ መሀል አንድ አምፖል፣ ያውም ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ፣ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለውን ለጋራዥ ተዉትና 2700 ወይ 3000 የሚለውን ውሰዱ፣ የዋጋ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከላይ ካለው ሌላ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ባለ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ሁለት ሶስት መብራት ይኑር፣ ማጥፊያቸው ይለያይ፣ ይሄን ደግሞ ለኤሌክትሪሺያኑ ልስን ሳይለሰን መንገር ነው፣ ከተለሰነ በኋላ ግድግዳ መሰርሰር ይመጣል። ከሁሉም በላይ ርካሽ የሆነው የሆቴል ትምህርት ይሄ ነው፣ ማታ ቤት ስትገቡ ልዩነቱን ሰውነታችሁ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ብዕሬን ያነሳሁትም ለሱ ነው፦ እኛ ሀገር ለዲዛይን ተብሎ የሚታይ ነገር የለም። ይሄን ሳነብ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ጸሐፊው የሚወዷቸው የቅንጦት ሆቴሎች ራሳቸው ሀሳባቸውን ከየት እንዳመጡ እንይ እስቲ። ፑኬት ያለው አማንፑሪ በ1988 ሲከፈት አርክቴክቱ ኤድ ተትል የታይላንድን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ጣሪያ ነው ይዞ የተነሳው። ባሊ ያለው አማንዳሪ በ1989 የተከፈተው በባሊ መንደር አሰራር ነው፣ የድንጋይ አጥር፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ በየጊቢው የሳር ክዳን ቤት። ማራኬሽ ያለው ላ ማሙኒያ ከ1923 ጀምሮ ያለ ሆቴል ነው፣ በ2009 በፈረንሳዊው ዲዛይነር ዣክ ጋርሲያ ታድሶ ሲከፈት ሰው የደነቀው የሞሮኮ የእጅ ስራው ነው። ታደላክት የሚሉት ልስን አላቸው፣ ኖራውን በለስላሳ ድንጋይ እየወለወሉ በወይራ ሳሙና ያሹታል፣ ውሃ አያስገባም፣ ሻወር ቤት ድረስ ይለሰናል፣ ከጥንት የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶቻቸው የመጣ እውቀት ነው። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ዓይናቸው የሚሰሩበት ሀገር ደጃፍ ላይ ነበር። እኛ ግን የነሱን ውጤት እያየን የኛን ደጃፍ ምንም የለበትም እንላለን።

ደግሞስ ምን የለም? አዲስ አበባ ሂልተን በ1969 ሲከፈት ዋናው ገንዳ የላሊበላን መስቀል ቅርጽ ይዞ ነው የተሰራው፣ ውሃውም የፍል ውሃ ነው። ከሱ አለፍ ብላችሁ አፍሪካ አዳራሽ ብትገቡ፣ በ1961 ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ 150 ካሬ ሜትር የሆነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት አለ፣ ብርሃን በቀለም ክፍልን እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት ከዚህ የበለጠ የት ይኬዳል። ሰሜን ተራሮች ጫፍ ያለው ሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳው ተጠቅጥቆ የተሰራ አፈር ነው፣ ቀለሙ የመሬቱ ቀለም ነው። ገርዓልታ ያለው ሎጅ በአካባቢው ድንጋይ በትግራይ ህድሞ አሰራር የቆመ ነው። ዶርዜ የቀርከሃ ቤቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፣ ምስጥ እግሩን ሲበላው እየቆረጡ ያሳጥሩታል፣ እና ቤቱ እያጠረ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ይሄን የሰማ የውጪ ዲዛይነር እንዴት እንደሚደነቅ ብታዩ።

ሐረር ላይ ግን ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ከተማ፣ ውስጥ ካሉት የድሮ ቤቶች አንዳንዶቹ እንግዳ ስለሚያሳድሩ የጸሐፊውን ሆቴል እደሩ የሚለውን ምክር በትክክል እዛ መፈጸም ይቻላል። የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ስትገቡ አንድ ትልቅ ክፍል ነው፣ ሶፋ የለም፣ ወንበር የለም። በምትኩ ነደባ የሚባሉ አምስት ከፍታቸው የሚለያይ መደቦች አሉ፣ የቤቱ አባወራና ትልቅ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ አዋቂዎችና ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ ወጣቶች የሚቀመጡበት፣ ሁሉም የየራሱ ስም አለው፣ ማንም ሳይነግረው ሰው ቦታውን ያውቃል። ወለሉና የመደቡ ፊት በቀይ አፈር ቀለም ይቀባል፣ የ1887ቱ የጨለንቆ ጦርነት መታሰቢያ ነው ብለው ያስረዷችኋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ስፌቱ፣ ሳህኑ፣ የእንጨት ጎድጓዳው ከላይ እስከ ታች በስርዓት ተሰቅሏል፣ መሀል መሀል ላይ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ ትንንሽ መደርደሪያዎች አሉ፣ ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ለአቅመ ሄዋን የደረሰች ልጅ ቤቱ ውስጥ አለች ማለት ነው። አስቡት፣ ስንት እንግዳ ያለ አንድ ወንበር ያስቀምጣል፣ ዕቃ ማስቀመጫው ራሱ ጌጥ ነው፣ ቀለሙ በልክ ነው፣ ቤቱ ስለ ነዋሪው ያወራል። ዓይን የላቸውም የተባሉት አውሮፕላን ያላዩ እናቶች ናቸው ይሄን የሚደረድሩት።

እኔ ከዛ ቤት የወሰድኩትን ልንገራችሁ። አንድ አፓርትመንት ሳሎን ውስጥ የባለቤቷ እናት ቡና ማፍያ ቦታ አጥተው በረንዳ ላይ ብቻቸውን ነበር የሚያፈሉት፣ ሳሎኑ እንደ ሆቴል ሎቢ ሆኖ ስለተሰራ ረከቦት የሚዘረጋበት፣ ቄጤማ የሚጎዘጎዝበት፣ ጭስ የሚወጣበት አልታሰበም። ሶፋውን አንዱን አስወጣንና መስኮቱ ስር 40 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ሰራን፣ ስሩ መሳቢያ አለው፣ ላዩ ፍራሽ፣ ፊት ለፊቱ በቀላሉ የሚጸዳ ሻካራ ሴራሚክ ለረከቦቱ። እናትየው ገብተው ተቀመጡ፣ ከሰሉንም እጣኑንም መስኮቱ ይስበዋል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ሳይጠራ እዛው ይሰበሰብ ጀመር። የየትኛውም ሎቢ ፎቶ ይሄን መደብ አያሳያችሁም፣ ምክንያቱም ሎቢ ውስጥ ቡና ለቤተሰብ የምታፈላ እናት የለችም።

እዚህ ላይ ሆቴል ለሚያሰሩ ባለሀብቶችም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፣ ጽሑፉ ለነሱም ደርሷልና። ከመብራቱ እስከ መጋረጃው በኮንቴይነር የሚመጣበት ሆቴል እየበዛ ነው፣ እንግዳው ጠዋት ሲነቃ የት ሀገር እንዳለ የሚነግረው ነገር ክፍሉ ውስጥ የለም። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ አለ፣ ቀጨኔ ሸክላ የሚሰሩ ሴቶች አሉ፣ ጅማ ከአንድ ግንድ በርጩማ የሚፈለፍሉ አሉ፣ ዋንዛና ቀርከሃ አለ። ችግሩን አውቀዋለሁ፣ መቶ አንድ አይነት ነገር ሲታዘዝ ልኩ ይለያያል፣ ቀኑ ያልፋል። ግን ብዙ ጊዜ ትዕዛዙ ራሱ በቃል ነው የሚሰጠው፣ ስዕል የለም፣ ናሙና የለም፣ ቀብድ የለም። የሸማኔው ጨርቅ ስፋቱ የተወሰነ ስለሆነ መጋረጃ በጥምር እንደሚሰፋ ከመጀመሪያው ካወቃችሁ መገጣጠሚያው ላይ ጥለቱን ታስቀምጡታላችሁ፣ ጉድለት የመሰለው ነገር የመጋረጃው ውበት ይሆናል። ሞሮኮ ውስጥ የእጅ ባለሙያው የተከበረው ሆቴሎቹና ቤተ መንግስቱ በተከታታይ ስራ ስለሰጡት ነው፣ ስራ ያላገኘ እጅ ደግሞ ሙያውን ለልጁ አያስተላልፍም፣ ይሄ እያየነው እየሆነ ያለ ነገር ነው፣ ለዛ ነው የሚያስጨንቀኝ።

የመጨረሻው የጽሑፉ ምክር ሌላ ወጪ ቀንሳችሁም ቢሆን አንድ ሌሊት የቅንጦት ሆቴል እደሩ የሚል ነው። አቅም ያለው ይደር፣ ደስ ይላል። አቅም የሌለው ግን ለዲዛይን ብሎ አይበደር፣ ሎቢ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይቻላል፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ሰው የትኛውን ወንበር ቀድሞ እንደሚመርጥና የትኛው ባዶውን እንደሚውል ከዛ በላይ ጊዜ አይፈልግም። ሐረር የምትሄዱ ደግሞ ቤት ውስጥ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቶቹን አስፈቅዱ፣ የሰው ጓዳ ነው። ነደባውን ስትለኩ ቁመቱን ብቻ ጽፋችሁ እንዳትመለሱ፣ ጥልቀቱንም ያዙ፣ ሰው እግሩን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ስለሆነ ከሶፋ ይሰፋል፣ አናጺው ያንን ቁጥር ካላገኘ በሶፋ ልክ ነው የሚሰራላችሁ።